ትራቭል ትሬለር ስትገዙ ከኩሽናው በፊት ጎማውን እዩ፦ የሳይዝ ምርጫና የጉድይር ኢንዱራንስ ግምገማ

ዳላስ አካባቢ ሆናችሁ ሰመር በመጣ ቁጥር «ዘንድሮስ ትራቭል ትሬለር (በመኪና የሚጎተት ቤት) ልግዛ?» የምትሉ ሰዎች፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ስለ አልጋው፣ ስለ ኩሽናውና ስለ ኤሲው አላወራም። እሱን ሻጩ ራሱ በር ከፍቶ፣ መብራት አብርቶ ያሳያችኋል። እኔ የማወራው ሻጩ ስለማያሳየው ነገር ነው፤ ስለ ጎማው። በተለይ ስለ ጎማው ሳይዝ፣ ከዚያም እኛ መርጠን ስላስገጠምነው ጉድይር ኢንዱራንስ።

ፍርዴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ኢንዱራንስ ጥሩ ጎማ ነው፣ ድጋሚ ብገዛም እሱኑ ነው የምገዛው። ዋጋው ግን ኪስ ይነካል። ደግሞም ሳይዙ ለትሬለሩ ክብደት ካልበቃ የትኛውም ብራንድ አያድናችሁም። ስለዚህ ግምገማዬ ከብራንዱ ሳይሆን ከቁጥሩ ይጀምራል።

የገዛነው ያገለገለ የ2016 ስሪት ነው። ሁለት አክስል (ግራና ቀኝ ጎማ የሚገጠምበት ዘንግ) አለው፤ እያንዳንዱ 3,500 ፓውንድ እንዲሸከም የተፈቀደለት። ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ጎማ ኤስቲ 205/75 አር 14፣ ሎድ ሬንጅ ሲ ነበር። ጥርሱ አልተበላም። ጎኑ በቅባት ተወልውሎ ፏ ብሏል። ሻጩም «ጎማው እንደ አዲስ ነው» እያለ ደጋግሞ ነገረን። እንዲህ ሲባል አትሸወዱ። የትሬለር ጎማ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ጥርሱ አልቆ ሳይሆን አርጅቶ ነው። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይቆማል፣ በዓመት ጥቂት ቀን ይነዳል፣ ላስቲኩ ከውስጥ ይደርቃል።

ዕድሜውን ለማወቅ ጎኑ ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ያሉትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አንብቡ። 2316 ካለ፣ በፈረንጆቹ 2016፣ 23ኛው ሳምንት ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። ከ2000 ጀምሮ የተሠራ ጎማ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጻፍበት። አንዳንዴ ቁጥሩ ያለው በውስጠኛው ጎን ብቻ ስለሆነ ስልካችሁን አብርታችሁ ከሥር መግባት ሊኖርባችሁ ይችላል። ግቡ፣ ልብስ ይታጠባል። በትሬለር ጎማ ላይ አምስት ዓመት ካለፈው እኔ እንደ አሮጌ ነው የምቆጥረው፣ ጥርሱ የቱንም ያህል ቢያምር።

አሁን ወደ ሳይዙ። ኤስቲ ማለት ለተጎታች ብቻ የተሠራ ጎማ ማለት ነው። 205 ወርዱ ነው፣ በሚሊሜትር። 75 ደግሞ የጎኑ ቁመት ከወርዱ 75 ከመቶ መሆኑን ይናገራል። አር ራዲያል የሚባለውን የጎማ አሠራር ዓይነት ያሳያል። 14 ቸርኬው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ልክ (ዲያሜትሩ) ነው፣ በኢንች። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይህችን የመጨረሻዋን ቁጥር ነው። «ባለ 14 ነው ባለ 15?» ይልና በዚያው ያበቃል። ጎማው ምን ያህል እንደሚሸከም የምትነግራችሁ ግን በዋናነት ከሳይዙ ቀጥላ የምትመጣው ፊደል ናት፤ ሎድ ሬንጅ የምትባለው። ሲ ከሆነ ጎማው እስከ 50 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይነፋል፣ ዲ ከሆነ 65፣ ኢ ከሆነ 80። ክብደቱን የሚሸከመው አየሩ ነው፤ ላስቲኩና ሽቦው አየሩን አፍነው መያዝ ነው ሥራቸው። ፊደሏ ከፍ ባለች ቁጥር ጎማው ብዙ አየር ይችላል፣ ብዙ አየር የቻለ ብዙ ይሸከማል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሳይዝ ያላቸው ሁለት ጎማዎች አቅማቸው በጣም ሊለያይ ይችላል።

እስቲ በእኛው ትሬለር ሒሳቡን እንሥራ። ያ ባለ 14 ኢንች ሲ ጎማ በ50 ፒኤስአይ ሲነፋ የሚሸከመው 1,760 ፓውንድ ነው። በአንድ አክስል ሁለት ጎማ አለ፤ ድምሩ 3,520። አክስሉ የተፈቀደለት ደግሞ 3,500 ነው። ትርፉ በአክስል 20 ፓውንድ፣ በጎማ 10 ፓውንድ ብቻ! 10 ፓውንድ እኮ አራት ኪሎ ተኩል ነው። አንድ ጋሎን ውሃ ብቻውን 8.3 ፓውንድ ይመዝናል። ትሬለሩን እስከ ተፈቀደለት ክብደት ድረስ ከጫናችሁት በጎማውና በአደጋው መካከል ያለው አንድ ጋሎን ውሃና ትንሽ ነው ማለት ነው።

ይህ በጊዜው የተከለከለ አልነበረም፤ በጣም የተለመደ ነበር። ነገሩ የተለወጠው በኋላ ነው። አርቪአይኤ የሚባለው የአርቪ (የመዝናኛ ተሽከርካሪ) አምራቾች ማኅበር ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2017 ጀምሮ እሱ ማረጋገጫ የሚለጥፍባቸው ተጎታቾች ጎማና ቸርኬያቸው ከአክስሉ የክብደት ጣሪያ ቢያንስ 10 ከመቶ በላይ እንዲሸከም ግዴታ አደረገ። በዚህ ደንብ የእኛ ትሬለር በአክስል 3,850 ፓውንድ፣ በጎማ 1,925 ያስፈልገው ነበር። 1,760ው በሩቁ ይወድቃል። ስለዚህ ያገለገለ ስትገዙ የተሠራበትን ቀን እዩ። ከዚያ ቀን በፊት የተሠራ ከሆነ «ፋብሪካ የገጠመው ነው» የሚለው መልስ ምንም አያጽናናም።

የክብደትና የጎማ መረጃው የተጻፈበት መለያ (ስቲከር) ያለው ከትሬለሩ ፊት አካባቢ፣ በግራ በኩል፣ በሾፌሩ ወገን ባለው የውጭ ግድግዳ ላይ ነው። እዚያ ላይ የትሬለሩ ጠቅላላ የክብደት ጣሪያ፣ የእያንዳንዱ አክስል ጣሪያ፣ የጎማው ሳይዝ ከነፊደሉ፣ የቸርኬው ሳይዝና በቀዝቃዛው መነፋት ያለበት አየር ተጽፏል። ፎቶ አንሱት። ከዚያ ትሬለሩ ላይ በእርግጥ የተገጠመውን ጎማ ሄዳችሁ አንብቡና አመሳክሩ። ያገለገለ ላይ መለያው ዲ እያለ ጎማው ሲ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ የቀድሞው ባለቤት የረከሰውን ገጥሞ ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። መለያው ላይ ያለው የአክስል ጣሪያ የአክስሉ ብረት የሚችለው ብቻ አይደለም። ከአክስሉ፣ ከባሌስትራው፣ ከቸርኬውና ከጎማው ደካማው ነው የሚወስነው። 5,200 ፓውንድ የሚችል አክስል ተገጥሞለት መለያው ላይ ከዚያ ያነሰ የተጻፈበት ትሬለር ብታዩ ምክንያቱ ጎማው ሊሆን ይችላል።

ትርፍ አቅም ለምን እንደሚያስፈልግ የማይገባው ሰው አለ። «ጣሪያውን ካላለፍኩ ምን ቸገረኝ?» ይላል። የሚቸግረው ጭነት እኩል ስለማይከፋፈል ነው። ስላይድ አውት (ሲቆም ወደ ውጭ የሚገፋው የቤቱ ክፍል) ያለበት ጎን ይከብዳል፣ ፍሪጅና ምድጃ በአንድ ወገን ከሆኑ እዚያ ይጫናል። መኪናው የሚጎትትበት ቁመት ትክክል ካልሆነ አንዱ አክስል ከሌላው የበለጠ ይሸከማል። በወረቀት ላይ እኩል አራት ቦታ የተካፈለው ክብደት መንገድ ላይ እኩል አይደለም። የእኛ ሰው ጉዞ ደግሞ ቀላል አይደለም! ምጣድ አለ፣ የዶሮ ወጥ ድስት አለ፣ የቡና ዕቃ ከነረከቦቱ አለ፣ ሥጋ የታጨቀባቸው ኩለሮች አሉ፣ የታሸገ ውሃ በደርዘን አለ። የትሬለሩ የውሃ ታንከር 40 ጋሎን ከሆነና ከቤት ሞልታችሁት ከወጣችሁ እሱ ብቻ 330 ፓውንድ ይጨምራል።

ስለዚህ መመዘን ነው። ካት ስኬል የሚባለው ሚዛን በየትራክ ማቆሚያው አለ፤ ፓይለት፣ ፍላይንግ ጄ፣ ላቭስ ጋ ታገኙታላችሁ። የመኪናችሁን የፊት ጎማ በአንደኛው መድረክ፣ የኋላውን በሁለተኛው፣ ትሬለሩን በሦስተኛው ላይ አቁሙ። ወረቀቱ ለየብቻ ይነግራችኋል። ጉዞ ስትወጡ እንደምትጭኑት ጭናችሁ ሂዱ፤ ባዶውን መመዘን ዋጋ የለውም። ይህ ሚዛን የትሬለሩን አክስሎች ድምር እንጂ የእያንዳንዱን ጎማ አይነግርም። የእያንዳንዱን የሚፈልግ፣ እዚሁ ቴክሳስ ሊቪንግስተን ላይ ኤስኬፒስ የሚባለው የአርቪ ክለብ ስማርት ዌይ በሚለው አገልግሎቱ ጎማ በጎማ ይመዝናል።

እኛ ሒሳቡን ወረቀት ላይ ጽፈን ለሻጩ አሳየነው። መጀመሪያ ፊቱን አጨፈገገ። ቁጥር ግን ቁጥር ነው፣ የሚከራከርበት አጣ። ከዋጋው ላይ የጎማውን ያህል ቀነሰልን። እናንተም እንዲህ አድርጉ። ጎማው ያረጀ ወይም አቅም የሌለው ከሆነ የአዲስ ጎማ ዋጋ የድርድሩ አካል ነው።

ቀጥሎ የመጣው ምን እንግጠም የሚለው ነው። ቀላሉ መንገድ ሳይዙን ሳይነኩ ፊደሉን ከፍ ማድረግ ነው። ያው 205/75 አር 14 በሎድ ሬንጅ ዲ አለ፣ ኢንዱራንስም በዚህ ይመጣል፤ በ65 ፒኤስአይ 2,040 ፓውንድ ይሸከማል። በአክስል 4,080 ነው፣ ከ3,500ው ከ16 ከመቶ በላይ ትርፍ አለው። ቁመቱ ስለማይለወጥ የትም አይነካም፣ ቸርኬም አትገዙም። እንደኛ ባለ 3,500 አክስል ለያዘ ሰው መጀመሪያ የምመክረው ይህንን ነው።

እኛን ያስቆመን ቸርኬው ነው። ቸርኬም የራሱ አቅም አለው፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ጎማውን አስፈትታችሁ የቸርኬውን ጀርባ ብታዩ ብረቱ ላይ ታትሞ ታገኙታላችሁ። የእኛው ጭቃና ዝገት ለብሶ ነበር። በሽቦ ብሩሽ ሲጠረግ 1,870 የሚል ቁጥር ወጣ። ቸርኬው 1,870 ፓውንድ ብቻ ከቻለ ጎማው 2,040 መቻሉ ምንም አይጠቅምም፤ የምትቆጥሩት ትንሹን ነው። አየሩም እንደዚሁ ነው። ለ50 ፒኤስአይ የተሠራ ቸርኬ ላይ 65 መንፋት አይገባም። እንግዲህ ቸርኬ መቀየራችን ካልቀረ፣ ለምን ወደ 15 ኢንች አንወጣም አልን።

እዚህ ላይ «ትልቁን ግጠም፣ ትልቅ ይሻላል» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። ኤስቲ 225/75 አር 15 ሎድ ሬንጅ ኢ በ80 ፒኤስአይ 2,830 ፓውንድ ይሸከማል፣ በጣም ያጓጓል። ግን ቁመቱን እዩ። የድሮው ባለ 14 ጎማ ከጫፍ እስከ ጫፍ 26.1 ኢንች ነው። 205/75 አር 15 27.1 ኢንች ነው። 225/75 አር 15 ደግሞ 28.3 ኢንች። ልዩነቱ ግማሹ ወደ ላይ ግማሹ ወደ ታች ስለሚሄድ 225ቱ ወደ ፓራፋንጎው 1.1 ኢንች ይጠጋል፣ 205ቱ ግን ግማሽ ኢንች ብቻ። ትሬለሩን ጭነን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁመን ስንለካ ከጎማው ጫፍ እስከ ጎማ ቤቱ ጣሪያ ሦስት ኢንች ተኩል ነበር። ባሌስትራው ጉድጓድ ላይ ሲረግጥ ስለሚተጣጠፍ ሦስት ኢንች ያህል እንዲቀር ነው የሚመከረው። በ205ቱ ልክ ሦስት ይቀራል። በ225ቱ ሁለት ከምናምን። ምርጫው በዚህ አለቀ።

በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለውንም ለኩ። ብዙ ባለ ሁለት አክስል ትሬለር ላይ በአክስሎቹ መካከል ያለው ርቀት 33 ኢንች አካባቢ ነው። 27.1 ኢንች ጎማ ሲገጠም በሁለቱ መሃል ስድስት ኢንች ገደማ ይቀራል፣ በቂ ነው። አንዳንዱ ግን በዚያው ትሬለር ላይ 235/80 አር 16 ሊገጥም ይነሳል። የእሱ ቁመት 30.8 ኢንች ስለሆነ በመሃል የሚቀረው ሁለት ኢንች ብቻ ነው።

ለመሆኑ ጎማው የጎማ ቤቱን ቢነካ ወይም ቢፈነዳ ምን ይመጣል? ያገለገሉ ትሬለሮችን እየዞርን ስናይ አንደኛው ጎማ ቤት ውስጥ አዲስ ቆርቆሮ ተመትቶበት አየን። ቆርቆሮውን ከፍ አድርገን ስናይ የወለሉ እንጨት ተሰንጥቋል፣ የፍሬኑ ሽቦ በቴፕ ተቀጥሏል፣ የውሃ ቧንቧው ተለውጧል። ጎማ ሲፈነዳ ጥርሱ ከነሽቦው ተገንጥሎ እየተሽከረከረ ያገኘውን ሁሉ ይገርፋል፤ በስስ ቆርቆሮና በቀጭን እንጨት የተሠራ ወለል አይቋቋመውም። ያን ትሬለር ትተነው ሄድን። ትሬለር ስታዩ ጎማ ቤቱን ከውስጥ በመብራት እዩ፣ ታሪኩ እዚያ ተጽፏል።

እናም የገዛነው ኢንዱራንስ ኤስቲ 205/75 አር 15፣ ሎድ ሬንጅ ዲ ነው። በ65 ፒኤስአይ 2,150 ፓውንድ፣ በአክስል 4,300። ከአክስሉ ጣሪያ 23 ከመቶ ገደማ ትርፍ አለው፤ እኔ ለራሴ ከ20 በታች አልፈልግም። በዚያው ሳይዝ ሎድ ሬንጅ ሲም አለ፣ ግን 1,820 ብቻ ስለሚሸከም ከ10 ከመቶው ደንብም በታች ይወድቃል። ስታዙ ፊደሏን በግልጽ ተናገሩ። «205/75 አር 15 ስጡኝ» ብቻ ካላችሁ ሲ ሊሰጧችሁ ይችላሉ። ቸርኬውንም ስትገዙ የቡሎኑ ብዛትና ርቀት መግጠሙን እዩ። 3,500 አክስል ላይ ብዙ ጊዜ 5 ቡሎን በ4.5 ኢንች ነው። አቅሙም ከጎማው ማነስ የለበትም።

«ለምን የፒክአፕ ጎማ ወይም የቤት መኪና ጎማ አንገጥምም?» የሚሉም አሉ። የቤት መኪና ጎማ ተጎታች ላይ ሲገጠም ጎኑ ላይ የተጻፈው አቅም በ1.10 ተካፍሎ ነው የሚቆጠረው፣ ጎኑም ስስ ነው፤ ተዉት። ኤልቲ የሚባለው የፒክአፕ ጎማ መጥፎ አይደለም፣ ግን በተመሳሳይ ሳይዝ ከኤስቲ ያነሰ ይሸከማል። ባለ ሁለት አክስል ትሬለር ጠባብ ቦታ ላይ ሲዞር ጎማዎቹ አስፋልቱ ላይ ወደ ጎን ይጎተታሉ፤ ጥግ ላይ ቆማችሁ ብታዩ ጎማው ሲጣመም በዓይን ይታያል። የኤስቲ ጎን ጠንካራ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ስለ መግጠሙም ትንሽ ልበል። ብዙ የጎማ ሱቆች ትሬለሩን ራሱን በክሪክ አያነሱም፤ ቸርኬውን ፈታችሁ አምጡ ይላሉ። ደውላችሁ ጠይቁ። እኛ የሄድንበት ሱቅ፣ ስሙን አልጠቅስም፣ ተራውን የላስቲክ ቫልቭ ሊያስገባልን ነበር። ያ ተራው ቫልቭ ጣሪያው 65 ፒኤስአይ ነው። ለ80 ፒኤስአይ ጎማ ጭራሽ አይሆንም። ለእኛ በቁጥር ደረጃ ይበቃ ነበር፣ ግን በላዩ የአየር መቆጣጠሪያ ሴንሰር ስለምናስርበትና ክብደቱ ላስቲኩን እያወዛወዘ ስለሚያደክመው የብረት ይሁንልን አልን። ልጁ «ትሬለር አይደል፣ ምን ይሆናል» አለን። ሥራ አስኪያጁን ጠርተን ነው የብረቱ የገባው። ባላንስም አይደረግም ብለውን ነበር፤ እሱንም አስደረግን። ቤት ስንመለስ ዳዶዎቹን በኤር ገን ሳይሆን በቶርክ ሬንች አጠበቅናቸው። ለተለመደው የግማሽ ኢንች ቡሎን ከ90 እስከ 120 ፉት ፓውንድ ነው የሚባለው። አዲስ ቸርኬ ሲገጠም ዳዶው ስለሚላላ ከ10፣ ከ25 እና ከ50 ማይል በኋላ ቆማችሁ እንደገና አጥብቁት። ይህ ለይምሰል የተጻፈ ምክር አይደለም፤ እኛ ከመጀመሪያዎቹ ማይሎች በኋላ ስንፈትሽ በእርግጥ የሚዞር ዳዶ አግኝተናል።

ትሬለሩ በግማሽ ኢንች ከፍ ስላለ የሚጎተትበትንም ቁመት አስተካከልን። ባለ ሁለት አክስል ትሬለር ደልዳላ ሆኖ ካልሄደ ጭነቱ ወደ አንዱ አክስል ያመዝናል፣ ያሰባችሁት ትርፍ በዚያ ያልቃል።

አሁን ጎማው ራሱ። ከፎርት ወርዝ ተነስተን በ287 መንገድ ወደ አማሪሎ፣ ከዚያ ወደ ፓሎ ዱሮ ካንየን ጎትተነዋል። ያ መንገድ ቀጥ ያለ ነው፣ ሙቀቱ ግን ያስፈራል፣ የጎን ነፋሱም ወደ ሰሜን በወጣችሁ ቁጥር ይብሳል። በድሮው ጎማ ትሬለሩን ለሙከራ ስንጎትተው ትልቅ ትራክ በጎን ሲያልፍ ጅራቱ ይወዛወዝ ነበር። አሁን ቀንሷል። አልጠፋም፣ ግን መሪው ላይ የሚሰማው በጣም ቀንሷል። የጎኑ ጥንካሬና የአየሩ ብዛት ነው ልዩነቱ ብዬ አምናለሁ።

በጣም የወደድኩት የሙቀት ጠባዩን ነው። ጠዋት በጥላ 65 ፒኤስአይ ነፍተን እንወጣለን። ቀኑ ሲግል ሴንሰሩ ቀስ እያለ ወደ 70ዎቹ አጋማሽ ያሳያል፣ እዚያም ይረጋል። አራቱም ተቀራርበው ነው የሚሄዱት። ፀሐይ የሚመታው ወገን ሁልጊዜ ትንሽ ከፍ ይላል፤ መንገዱ ታጥፎ ፀሐዩ ወደ ሌላው ጎን ሲዞር ቁጥሩም አብሮ ይዞራል፣ ይህን ስክሪኑ ላይ መከታተል ራሱ ያስተምራል። አየር ሲሞቅ ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው። በየ10 ዲግሪ ፋራናይት 2 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ የጋለውን ጎማ አይታችሁ «በዛ» ብላችሁ እንዳታስተነፍሱ፤ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ታገኙታላችሁ። ጎማን ከምንም በላይ የሚገድለው አየር ጎድሎበት መጫን ነው። ጎኑ ይተጣጠፋል፣ መተጣጠፉ ሙቀት ይወልዳል፣ ሙቀቱ ጥርሱን ከሽቦው ያላቅቀዋል። አየር አያያዙም ጥሩ ነው፤ ለወር ቆሞ ስለካው የሚጎድለው ጥቂት ነው።

ፍጥነትን በተመለከተ ኢንዱራንስ ኤን የሚል የፍጥነት ምልክት አለው፣ እስከ 87 ማይል በሰዓት ማለት ነው። ድሮ የኤስቲ ጎማ ጎኑ ላይ ሌላ ካልተጻፈበት በ65 ማይል የተገደበ ነበር። ምዕራብ ቴክሳስ ላይ አይ-10 80 ማይል ይፈቅዳል፣ ሰውም ትሬለር እየጎተተ በዚያው ይበራል። እኔ ኤን ስለተጻፈበት ብዬ ከ65 አላልፍም። ምልክቱ መጠባበቂያ ነው፤ ፍጥነት ሙቀት ነው፣ ሙቀት ደግሞ የትሬለር ጎማ ጠላት ነው። ካሊፎርኒያ የምትሄዱ ከሆነ እዚያ ለሚጎትት መኪና ሕጉ 55 ማይል መሆኑን አትርሱ።

የማልወደው? ዋጋው አንዱ ነው። ከርካሾቹ የትሬለር ጎማዎች ጋር ሲነጻጸር በደንብ ይወደዳል፣ አራትና አምስት ሲገዛ ደግሞ ይሰማል። አሜሪካ ውስጥ የሚሠራ መሆኑ ለአንዳንዱ ሰው ዋጋ አለው፣ ለእኔም አለው። ሁለተኛው፣ የእኛን ሳይዝ በዲ ወዲያው አላገኘነውም፤ ታዝዞ እስኪመጣ ጠብቀናል። ጉዞ ሊደርስ ሲል አትፈልጉት። በቀረው ለማማረር ብፈልግም ብዙ የለኝም። ጥርሱ እስካሁን እኩል ነው የሚበላው፣ ጎኑ ላይ ስንጥቅ የለም። ስናቆመው ግን በጎማ ልብስ እንሸፍነዋለን፣ የቴክሳስ ፀሐይ ለማንም አይራራም።

ከእኛ የተለየ ትሬለር ለምታዩ አጭር መንገድ ይህ ነው። የአክስሉን ጣሪያ ውሰዱ፣ ለሁለት አካፍሉ፣ 10 ከመቶ ጨምሩ፣ ከተቻለ 20። 5,200 ፓውንድ አክስል በዚህ ሒሳብ በጎማ 2,860 ይፈልጋል። 225/75 አር 15 ኢ ግን 2,830 ነው የሚሸከመው፣ ለጥቂት አይደርስም። እንዲህ ያለ ትሬለር ካያችሁ መለያው ላይ የተጻፈውን የአክስል ጣሪያ በደንብ አንብቡ። 7,000 ፓውንድ አክስል ደግሞ 3,850 ይፈልጋል፤ ለዚያ የተለመደው 235/80 አር 16 ሎድ ሬንጅ ኢ አይበቃም፣ እስከ 110 ፒኤስአይ የሚነፋውን ሎድ ሬንጅ ጂ ከሚችለው ቸርኬ ጋር ፈልጉ። ትናንሾቹ ባለ አንድ አክስል ትሬለሮች ላይ የሚገጠመው 175/80 አር 13 ሲ 1,360 ፓውንድ ነው የሚሸከመው። ባለ አንድ አክስል ላይ አንዱ ጎማ ሲፈነዳ ጭነቱን የሚካፈል ጎረቤት ጎማ ስለሌለ እዚያ ላይ ትርፉን አትሰስቱ።

ስኮርታውንም እንዳትረሱ። ከኋላ መከላከያው ላይ ተሰቅሎ ዓመታት ፀሐይ ሲመታው የኖረ ነው፣ ጥርሱ ምንም ስላልነካው ሻጩ «አልተነካም» ብሎ ይኩራራበታል። እኛ ወደ 15 ስንወጣ የድሮው ባለ 14 ስኮርታ ከአዲሶቹ ጋር አብሮ ሊሄድ አልቻለም፤ ቁመቱ ስለሚያንስ በሁለት አክስል ላይ ጎረቤቱን ከመጠን በላይ ያስሸክመዋል። አምስተኛውን ጎማና ቸርኬ ከአራቱ ጋር አንድ ላይ እዘዙ። ማስቀመጫው ትልቁን ጎማ መያዙን ደግሞ ከማዘዛችሁ በፊት በሜትር ለኩት።